ልጆቻችን ጭንቀታቸውን ስለ ምን ይሸሽጋሉ?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ያባቶቻችን ቃል እውነተኛ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህ ቃል በተነገረ ቍጥር ወቀሳው በታማሚው ላይ ብቻ ሲወድቅ እንሰማለን እንጂ፤ ታማሚው በሽታውን የሸሸገበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚሸሽግ ሰው የሚሸሽገው አንዳች ነገር ፈርቶ ነውና፤ ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር ሸሻጊውን ብቻ መውቀስ ፍርድን ማጓደል ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ጕዳይም ይኸው ነው። በትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች ልጆቻችን አእምሯቸውን ጭንቀትና ኀዘን ባወከው ጊዜ፥ እዚያው በትምህርት ቤታቸው ርዳታ ከመጠየቅ ስለ ምን ወደ ኋላ ይላሉ?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን፥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለችውን ቡሹሎን እንመልከት። በዚያ ሥፍራ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው ጤና ጣቢያ በዙሪያው ባለው የገጠር ሕዝብ ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ልጅዋን ወባ የያዘባት እናት ሕፃንዋን አዝላ በቀትር ፀሐይ፥ ሰው በሚበዛበት መንገድ ወደዚያ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ምን ሆነብሽ? እግዚአብሔር ይማረው» ይላታል፤ እርስዋም ሳታፍር የልጅዋን ሕመም ትናገራለች። ትኩሳት ማንንም አያሳፍርምና።

አሁን ደግሞ በዚያው መንደር የሚኖር አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ በሐሳባችን እናቁም። እንቅልፍ ካጣ ወር አልፎታል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፥ ያነበበው ግን በልቡ አይቀመጥም፤ ከባልንጀሮቹ ጋራ መጫወት አስጠልቶታል፤ አልፎ አልፎም «ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ይመላለስበታል። ይህ ልጅ በየትኛው መንገድ ይሂድ? ጎረቤት አግኝቶ «ወዴት ነህ?» ቢለው ምን ብሎ ይመልስ? እናቲቱ በቀን የሄደችበትን መንገድ እርሱ በጨለማ እንኳ አይደፍረውም። ይህ ልዩነት የመጣው ከሕመሙ ክብደት አይደለም፤ ሕመሙን ከምንጠራበት ስምና ታማሚውን ከምንሰማበት ጆሮ ነው እንጂ።

ነገሩ የጥቂት ልጆች ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጠው፥ በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከሰባት ወጣቶች አንዱ የአእምሮ ሕመም ያገኘዋል። ከአእምሮ ሕመሞችም እኩሌታዎቹ የሚጀምሩት ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ከሆኑት መካከልም ለሞት ከሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የገዛ ሕይወትን ማጥፋት ነው። እንግዲህ ሰባ ተማሪዎች በተቀመጡበት አንድ ክፍል ውስጥ ዐሥር ያህሉ ይህን ሸክም ተሸክመው ሊሆን እንደሚችል መምህሩ ያስተውል።

በአገራችን ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ጭንቀት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ጀምሮ ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሚፈተኑት ሆነ፤ በዚያ ዓመት ከተፈተኑትም ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። ፈተናው ከስርቆት መጠበቁ መልካም ነው፤ ስለዚያ ክርክር የለንም። ነገር ግን ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ በአንድ ቀን «ወደቅህ» ሲባሉ፥ ወላጅ ላም ሸጦ ያስተማረው ልጅ በዚያች ሌሊት ምን እንደሚያስብ፥ ለማንስ እንደሚናገር ያሰበ ማን ነው?

ልጆቹ ዝም የሚሉበት የመጀመሪያው ምክንያት፥ ለሕመማቸው መጠሪያ ስም ማጣታቸው ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ያደረጉት ጥናት ታትሞ ነበር። የአገሩን ነገር የሚያውቁ ሰዎች የአእምሮ ሕመም ምልክቱ ምንድር ነው ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፥ አብዝተው ያነሡት ብዙ መናገርን፥ መደባደብንና ያልተለመደ ጠባይን ነበር። ለሥጋ ሕመም ሐኪም ቤትን ሲመርጡ፥ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን ፈውስ መርጠው ተገኙ። ከዚህ የምንረዳው፥ ሕዝባችን የሚያውቀው የሚጮኸውን ሕመም እንጂ ዝም የሚለውን አለመሆኑን ነው። ልብሱን የጣለውን እናያለን፤ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ቀስ በቀስ እየጠፋ ያለውን ልጅ ግን «ጨዋ ተማሪ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን። ልጁም በቋንቋችን ውስጥ ለራሱ የሚሆን ስም ቢፈልግ፥ «እብድ» ከሚለው በቀር ሌላ አያገኝም፤ እብድ ደግሞ እንዳልሆነ ራሱ ያውቃል። ስለዚህ ዝም ይላል።

ለዚህ ስም መክበድ ታሪክም ረድቶታል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተ ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሐኪም ቤት ሆኖ ኖሯል። ከሩቅ አገር ታስሮ ካልመጣ በቀር ወደዚያ የሚገባ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ሐኪም ቤቱን የጽኑ ሕመም መጨረሻ አድርጎ ተመለከተው። ከዚህም የተነሣ ትርጓሜው «እግዚአብሔር ከኛ ጋራ» የሆነው ያ የከበረ ስም በልጆች አፍ መሳደቢያ እስከ መሆን ደረሰ። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በ1995 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችና የጤና መኰንኖችም ቀላሉን የአእምሮ ሕመም እንዲያክሙ ሥልጠና ሲሰጣቸው ቈይቷል። ሕክምናው ወደ መንደር ቀረበ፤ ስሙ ግን ገና ከሩቁ ዘመን አልተመለሰም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚብሰው ምክንያት ምስጢር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪን እንዲያማክር የተመደበው ሰው ወይ ክፍል የሚያስተምር መምህር ነው፥ ወይም ባጠፉ ተማሪዎች ላይ ከሚፈርዱት አንዱ ነው። ልጁ ጧት ኀዘኑን የነገረው ሰው ከሰዓት በኋላ ነጥብ ሰጭው፥ ነገ ደግሞ ቀጭው ነው። የምክር ክፍሉ ከርእሰ መምህሩ በር አጠገብ ስለ ሆነ፥ የገባውን ሁሉ ያየዋል፤ «ምን አጥፍቶ ተጠራ?» ይባላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የተነገረው ቃል ወደ መምህራን ክፍል፥ ከዚያም ወደ ወላጅ፥ ከወላጅም ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ማንም አልማለለትም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ዘመድ ነውና፤ የመምህሩ ሚስት የእናቱ ማኅበርተኛ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ባለ ሥፍራ ዝም የሚል ልጅ አላዋቂ ነው ልንለው አይገባም፤ አስተዋይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሕመሙ እንደ እምነት ጕድለት ወይም እንደ ስንፍና መቈጠሩ ነው። ወንድ ልጅ ቢያለቅስ «ሴት ሆንህ» ይባላል፤ ሴት ልጅ ብትዝል «ጠባይዋ ተበላሸ» ትባላለች፤ ሁለቱም «ጸልዩ» ይባላሉ። ጸሎት መልካም መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ካህናት አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ እንደሚያውቁት፥ ነቢዩ ኤልያስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። የተላከለት መልአክ እምነትህ ጐደለ ብሎ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውሃ አቀረበለት፥ ደግሞም እንዲተኛ ተወው፥ መንገዱ እንደሚበዛበትም ዐወቀለት። ነቢይን ያገኘ ድካም ተማሪን ቢያገኘው ስለ ምን ያስደንቀናል? መልአኩስ ያልተናገረውን ተግሣጽ እኛ ስለ ምን እንናገራለን?

የምስጢርን ነገር በሚመለከት ደግሞ ከካህናት የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ምእመን ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው፥ አባትየው ከሰው ሁሉ ይልቅ ብልህ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የተነገረው እዚያው እንደሚቀር ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ባይኖር ኖሮ ኃጢአቱን የሚናገር ባልተገኘም ነበር። ሕጋችንም ይህን ያውቃል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሙያን ምስጢር መግለጥ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ ሕገ መንግሥቱም የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል። ለአዋቂ የተሰጠው ይህ መጠበቂያ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲሆን እንደ ቀላል ነገር መታየቱ ተገቢ አይደለም።

«ወላጅ የልጁን ነገር ማወቅ መብቱ አይደለምን?» የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው። ምስጢርም ወሰን አለው፤ የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ወይም ሌላ ሰው ጕዳት እያደረሰበት እንደ ሆነ ዝም ማለት ወንጀል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ወሰን ለልጁ በመጀመሪያው ቀን፥ አንድ ቃል ሳይናገር በፊት ሊነገረው ይገባል። መናገር ግድ በሆነም ጊዜ አስቀድሞ ልጁ ራሱ ይወቅ፤ ከዚያ ከርሱ ጋራ ሆኖ ለወላጁ ይነገር። ሳያውቅ ምስጢሩ የወጣበት ልጅ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም፤ የርሱን ዕጣ ያዩ አርባ ባልንጀሮቹም እንዲሁ።

ስለዚህ በትምህርትና በጤና ላይ የተሾማችሁ ሹማምንት ሆይ፤ ብዙ ወርቅና ብዙ ሊቃውንት እስኪገኙ ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚቻለው ጥቂት አይደለም። አማካሪው ከቅጣት ሥራ ፈጽሞ ይለይ። የምክር ክፍሉ ከአስተዳደሩ በር ይራቅ፤ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለስፖርት የሚሄድ ሁሉ በሚያልፍበት ሥፍራ ይሁን፤ የሚገባው ልጅ ለምን እንደ ገባ አይታወቅምና። በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ አንድ የሠለጠነ ነርስ በተወሰነ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ፤ ዐይንንም ጥርስንም እንቅልፍንም አንድነት ይመርምር፤ ስለ ጥርሱ የመጣ ልጅ ስለ ልቡ ለመናገር ሰበብ ያገኛል። መምህራንም ሐኪም ይሁኑ አንልም፤ ዝም ያለውን ልጅ ለይተው አይተው «እንዴት ነህ?» ብለው መልሱን እስከ መጨረሻ መስማትን ይማሩ።

የሃይማኖት አባቶች ሆይ፤ በሲዳማ ምድር የወንጌላውያን፥ የኦርቶዶክስ፥ የካቶሊክና የእስልምና ምእመናን አብረው ይኖራሉ፤ የተጨነቀ ልጅም ከሐኪም በፊት የሚቀርበው ወደ እናንተ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው። ያ ቃል ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ምረጥ ከመባል አዳነ። ለአእምሮ ሕመምም እንዲህ ያለ ቃል ከየመቅደሱ፥ ከየጸሎት ቤቱና ከየመስጊዱ ቢሰማ፥ ልጁ ወደ ሐኪም ሲሄድ እምነቱን የካደ አይመስለውም።

ለዚህ የሚሆን ሥርዐት ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። የሲዳማ ሽማግሎች ለምክር በተቀመጡ ጊዜ ነገሩን የሚከፍቱት «አፊኒ» በማለት ነው፤ ትርጓሜውም «ሰምታችኋልን?» ማለት ነው። ከመፍረድ በፊት መስማት፥ ከመመለስ በፊት ማዳመጥ የዚያ ሸንጎ ሕግ ነው። ለበሬና ለድንበር ክርክር የሰጠነውን ይህን ክብር ለልጆቻችን ኀዘንም እንስጥ።

ያ የቡሹሎ ተማሪ ዛሬም በኋላ ወንበር ተቀምጧል። ድፍረት ይስጠው ብሎ መመኘት ብቻውን አይረባውም፤ ድፍረቱ የሚመጣው ከኛ ታማኝነት በኋላ ነውና። እናቲቱ ትኩሳት የያዘውን ልጅዋን አዝላ በቀትር በምትሄድበት መንገድ፥ እርሱም አንገቱን ሳይደፋ መሄድ የሚችልበት ቀን እንዲመጣ፥ አስቀድመን የተነገረንን መጠበቅ እንልመድ።