ጓደኛ ራሱን ሲስት መጀመሪያ 911

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ግን ብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች ስለ ዕፅ ማውራትን እንደ ነውር ያዩታል። «ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ። ፈንታኒል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያቆማል።

ወጣቶች ፖሊስ ፈርተው እንዳይደውሉ፣ ሚኒሶታ ሁለት ሕጎች አሏት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጠጥቶ ለታመመ ጓደኛው 911 ቢደውል፣ እሱም በመጠጣቱ አይከሰስም። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ዕፅ ለወሰደ ሰው እርዳታ የጠራ፣ ጥቂት ዕፅ ቢይዝም ከክስ ይጠበቃል። ሁለቱም ስማቸውን መናገርና እርዳታ እስኪመጣ መቆየት አለባቸው።

ናሎክሶን የሚባለው የአፍንጫ መድኃኒት የቆመ ትንፋሽ ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል።

ገንዘብም አለ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ለሚኒሶታ ከሚከፍሉት የኦፒዮይድ ካሣ 75 በመቶው የካውንቲዎችና የከተሞች ነው። ስለዚህ ወላጆች የሄነፒንንና የራምዚን ካውንቲ ቦርዶች «አማርኛ የሚናገር አማካሪ ቅጠሩልን» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። እናንተ ልጆች ደግሞ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፉላቸው።