የግራፊክስ ካርድ ምርጫ፦ መደበኛው ወይስ ልዩ ማቀዝቀዣ ያለው?

የግራፊክስ ካርድ በአንድ ሰሌዳ ላይ አራት ነገሮችን ያሰባስባል፦ ምስል የሚያሰላውን ቺፕ፣ ቺፑ የሚሠራበትን ሜሞሪ፣ ኤሌክትሪክ መጥኖ የሚያቀብለውን ክፍል እና ይህን ሁሉ የሚያቀዘቅዘውን አካል። ቺፑን የሚነድፉ ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው። ገበያውን ለረጅም ጊዜ የተካፈሉት ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ሲሆኑ፣ ኢንቴል በአርክ ካርዶቹ ዘግይቶ ተቀላቅሏቸዋል። ካርዱን ሠርተው ለገበያ የሚያቀርቡት ግን ብዙ ናቸው፤ አሱስ፣ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይት፣ ዞታክ፣ ሳፋየር እና ፓወርከለር ከታወቁት መካከል ናቸው። ስለዚህም አንድ ዓይነት ቺፕ ያላቸው፣ የሞዴል ቁጥራቸውም አንድ የሆነ ካርዶች በተለያየ መልክና በተለያየ ዋጋ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

እነዚህ ካርዶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። መደበኛው ካርድ ሰሌዳውንም ማቀዝቀዣውንም ቺፑን የነደፈው ኩባንያ ራሱ የወሰነለት ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ካርድ ፋውንደርስ ኤዲሽን ብሎ ይሸጠዋል። ሌላው ወገን፣ ልዩ ማቀዝቀዣ ያለው፣ አጋር አምራቾች ቺፑን ገዝተው የራሳቸውን ማቀዝቀዣ፣ ብዙ ጊዜም የራሳቸውን ሰሌዳ ነድፈው የሚሠሩት ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቺፕ አንድ ነው፤ ሜሞሪውም ብዙውን ጊዜ አይለይም። የሚለየው ሙቀቱ በምን መንገድ፣ በምን ያህል ድምፅ እና ወዴት እንደሚወጣ ነው።

ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 እስከ 180 ዋት ይወስድ ነበር። የ2020ው አርቲኤክስ 3080 ወደ 320፣ የ2022ቱ አርቲኤክስ 4090 ወደ 450፣ የ2025ቱ አርቲኤክስ 5090 ደግሞ ወደ 575 ዋት ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ኃይል በአብዛኛው የሚነደው አሥር ካሬ ሴንቲሜትር በማይሞላ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ነው።

ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ በሙቀት አስተላላፊ ቅባት በኩል ወደ መዳብ ሳህን ይሻገራል። ከሳህኑ የሚነሡት የመዳብ ቱቦዎች አየራቸው ወጥቶ ትንሽ ውኃ የታሸገባቸው ናቸው። ውኃው በቺፑ በኩል ባለው ጫፍ ይተንና እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ጫፍ፣ የፈላ ድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያጤዝ ሁሉ፣ ወደ ጠብታ ይመለሳል። ጠብታውንም በቱቦው ግድግዳ ላይ የተለበጠው ስፖንጅ መሰል መዳብ ስቦ ወደ መነሻው ይወስደዋል። በአንዳንድ ካርዶች ሳህኑ ራሱ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ዝርግ የእንፋሎት ክፍል ነው። ቱቦዎቹ ሙቀቱን ወደ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች ያደርሳሉ፤ ፋኖቹ በንጣፎቹ መካከል አየር እያሳለፉ ያስወግዱታል። እስከዚህ ድረስ መደበኛውም ልዩውም ካርድ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። የሚለያዩት በንጣፎቹ ስፋት፣ በቱቦዎቹ ብዛት እና በፋኖቹ አሠራር ነው።

የዘመኑ ቺፕ ፍጥነቱን የሚወስነው ራሱ ነው። ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከተፈቀደለት ጣሪያ በታች እስከሆኑ ድረስ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ማቀዝቀዣው የካርዱን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሥራ ፍጥነቱንም ይነካል። ደካማ ማቀዝቀዣ ያለው ካርድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሙሉ ፍጥነት ሠርቶ፣ ከሞቀ በኋላ ዝግ ሊል ይችላል። የአጭር ጊዜ ፍተሻ ይህን አያሳይም። ስለዚህ የካርድ ግምገማ ሲነበብ ውጤቱ የተለካው ካርዱ በደንብ ከሞቀ በኋላ መሆኑን ማየት ይገባል።

ለብዙ ዓመታት መደበኛው ካርድ የሚታወቀው ጫፉ ላይ በተተከለ አንድ ፋኑ ነበር። ፋኑ ከኮምፒውተሩ ሣጥን፣ ማለትም ከኬዙ፣ ውስጥ አየር ይስባል፣ በተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ በንጣፎቹ መካከል ይገፋዋል፣ ከዚያም በካርዱ የኋላ ፊት ባሉት ቀዳዳዎች ከኬዙ ውጭ ያስወጣዋል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ አብዛኛውን የካርዱን ሙቀት ሌሎቹን የኮምፒውተር ክፍሎች ሳያሞቅ ያስወጣል። ፋኑ ግን ትንሽና አንድ ብቻ ስለሆነ በቂ አየር ለመግፋት በኃይል መዞር አለበት፤ ድምፁም ከዚያ ይመጣል። አጋር አምራቾች የመረጡት ሌላውን መንገድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ፋኖች አየሩን ቀጥታ በንጣፎቹ ላይ ይነፉታል፣ አየሩም በካርዱ ዙሪያ ወደ ኬዙ ውስጥ ይበተናል። ፋኖቹ ቀስ ብለው ስለሚዞሩ ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ቺፑም በተሻለ ይቀዘቅዛል። የተበተነውን ሞቃት አየር ማስወጣት ግን የኬዙ ፋኖች ዕዳ ይሆናል።

የሁለቱን ልዩነት በጉልህ ያሳየው ኤኤምዲ በጥቅምት 2013 በ549 ዶላር ያቀረበው ራዲዮን አር9 290ኤክስ ነው። ቺፑ ለጊዜው እጅግ ኃይለኛ ነበር። መደበኛው ማቀዝቀዣው ግን ካርዱ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ነበር። ካርዱ ሁለት አሠራር ነበረው። ጸጥተኛ በተባለው አሠራር ሲሞቅ ፍጥነቱ ከታወጀለት 1,000 ሜጋሄርዝ በታች ይወርድ ነበር፤ በኃይለኛው አሠራር ፍጥነቱን ቢጠብቅም ድምፁ አብሮ ለመቀመጥ ያስቸግር ነበር። ከወራት በኋላ እንደ ሳፋየር ትራይ-ኤክስ ያሉ ባለ ሦስት ፋን ካርዶች ሲመጡ ያው ቺፕ በጣም ቀዝቅዞ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ ሠራ። መጀመሪያ ቸኩሎ የገዛ ሰውና ጥቂት የታገሠ ሰው አንድ ዓይነት ቺፕ ይዘው እጅግ የተለያየ ዕቃ ነበራቸው።

በ2016 ጂቲኤክስ 1080 ሲወጣ የዋጋው ሥርዓት ራሱ ተገለበጠ። ኤንቪዲያ ፋውንደርስ ኤዲሽኑን በ699 ዶላር ሲሸጥ የአጋሮቹ ካርዶች መነሻ ዋጋ 599 ዶላር ተባለ። የፋውንደርስ ኤዲሽኑ የብረት ሽፋን ያማረ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ግን ያው አንድ ፋን ስለነበር ጫና ሲበዛበት 83 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። መቶ ዶላር ጨምሮ የበለጠ የሚሞቅና የሚጮህ ካርድ መግዛት ለአብዛኛው ሰው ትርጉም አልነበረውም።

ከዚህ ተነሥቶ መደበኛው ካርድ ምንጊዜም የከፋ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ኤንቪዲያ በ2018 አርቲኤክስ 2080ን በሁለት ሰፋፊ ፋኖች አወጣ። በ2020 ደግሞ የአርቲኤክስ 3080ን ሰሌዳ አሳጥሮ፣ አንዱ ፋን ሙቀቱን ከኬዙ ውጭ ሲያስወጣ ሌላው አየሩን በካርዱ ውስጥ አሳልፎ ወደ ላይ እንዲገፋ አደረገ። የአርቲኤክስ 5090 ፋውንደርስ ኤዲሽን 575 ዋትን በሁለት ስሎት (የማዘርቦርድ ካርድ መሰኪያ) ውፍረት ብቻ ይቆጣጠራል፤ ይህ የሚደነቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ከእርሱ የገዘፉት የአጋሮች ካርዶች ይበልጥ ጸጥ ብለው ቢሠሩም በትንሽ ኬዝ ውስጥ አይገቡም። በኤኤምዲ በኩል በታኅሣሥ 2022 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ከመደበኛዎቹ ካርዶች አንዳንዶቹ በጣም በሚሞቀው ነጥባቸው 110 ዲግሪ እየደረሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሱ ነበር። ኤኤምዲ ምክንያቱ በአንዳንዶቹ የእንፋሎት ክፍሎች ውስጥ የታሸገው ውኃ ማነሱ መሆኑን አምኖ ካርዶቹን ለመለወጥ ተስማምቷል። አጋሮች በራሳቸው ማቀዝቀዣ የሠሯቸው ካርዶች ችግሩ አልነካቸውም።

ልዩ ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ እኩል አይደለም። እያንዳንዱ አምራች በአንድ ቺፕ ላይ በርካታ ደረጃዎችን ያወጣል፦ አሱስ ዱዋል፣ ታፍ እና ስትሪክስ ይላል፤ ኤምኤስአይ ቬንተስና ሱፕሪም፤ ሳፋየር ፐልስና ናይትሮ። የታችኛው ደረጃ ካርድ ቱቦው ጥቂት፣ ንጣፉም ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ሦስት ፋን መቁጠር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የላይኞቹ በፋብሪካ ፍጥነታቸው ከፍ ተደርጎ፣ በመብራት አጊጠው፣ ብዙ ዋጋ ተጨምሮባቸው ይመጣሉ። የፋብሪካው ጭማሪ በጌም ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አያልፍም፤ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልለት ነገር ካለ ጸጥታና ቅዝቃዜ እንጂ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ሜጋሄርዝ መሆን የለበትም። የአንድ ውድ ካርድ ዋጋ ከፍ ያለ ቺፕ ካለው ቀላል ካርድ ዋጋ ጋር ከተጠጋ ደግሞ ክርክሩ ያበቃል፦ የተሻለው ቺፕ ይገዛ።

ከመግዛት በፊት የሚለኩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ኬዙ ነው። አርቲኤክስ 4090 በፋውንደርስ ኤዲሽኑ 304 ሚሊሜትር ርዝመትና የሦስት ስሎት ውፍረት አለው፤ ብዙዎቹ የአጋሮች ካርዶች ከዚህም ይበልጣሉ። ክብደታቸው ሰሌዳውን ስለሚያጎብጥ ከሥር ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል። ፓወር ሰፕላዩም ይታይ፦ ከማዘርቦርዱ የሚገኘው 75 ዋት ብቻ ነው፣ ባለ ስምንት ፒን ገመድ 150 ዋት ይጨምራል፤ አንዳንድ የአጋር ካርዶች ከመደበኛው የበዙ ገመዶች ይፈልጋሉ። ኬዙ ጠባብና አየር የማይዘዋወርበት ከሆነ፣ ወይም ብዙ ካርዶች ተጠጋግተው የሚሠሩበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው አንድ ፋን ያለው ካርድ ድምፁ እየከበደም ቢሆን ትክክለኛው ምርጫ ነው። በውኃ ማቀዝቀዝ ለሚያስብ ሰው ደግሞ መደበኛው ሰሌዳ ይመቻል፤ የውኃ ማቀዝቀዣ አካል አስቀድሞ የሚሠራለት ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

የቦታው አየርም በስሌቱ ይገባል። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር፣ ፋኑ ፍጥነቱን ካልለወጠ፣ የቺፑ ሙቀትም በአንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በድሬዳዋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ካርድ ሰፊ ማቀዝቀዣ ያሻዋል። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ያለች ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር መጠኑ ባይለወጥም የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ አቧራው ግን ንጣፎቹን ይደፍናልና ካርዱን በየጊዜው ማጽዳት ግድ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ምርጫው ከገዢው እጅ ውጭ ነው። ፋውንደርስ ኤዲሽን የሚሸጠው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው፤ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ደግሞ ከነጭራሹ ፋውንደርስ ኤዲሽን የለውም። የአጋር ካርድ ዋስትና የሚሰጠውም ቺፑን የነደፈው ሳይሆን ካርዱን የሠራው ኩባንያ ነው። ስለዚህ የዋስትናው ዘመን ስንት እንደሆነ፣ ካርዱ ሲበላሽም ለማን እንደሚመለስ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አየር እንደ ልብ የሚያስገባና የሚያስወጣ ኬዝ ላለው፣ ካርዱን ለጌም ወይም ለቪዲዮ ሥራ ለሚፈልግ ሰው፣ በመነሻው ዋጋ አካባቢ የሚሸጥ፣ መካከለኛ ደረጃ ያለው፣ በገለልተኛ ፍተሻ ጸጥተኛነቱ የተመሰከረለት የአጋር ካርድ ከሁሉም የተሻለ ግዢ ነው።