ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጀማሪው ፕሮግራመር እንጀራ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ የማስተማር ዕቅድ እንደ ጀመረ የታወቀ ነው። ከእኛም ክፍል ብዙዎች ፕሮግራመር ለመሆን ያስባሉ። ነገር ግን ኮዱን መኪና ራሱ የሚጽፈው ከሆነ ለጀማሪው ምን ሥራ ይቀርለታል? ይህን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ኮድ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍና ኮድ ተምሮ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ቻትጂፒቲ የተባለው ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ሥራ ትንንሽ ኮድ መጻፍና ስሕተት መፈለግ ነበር፤ መኪናው የሚፈጥነውም በዚሁ ነው።

ጉዳቱም መታየት ጀምሯል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በነሐሴ 2017 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ በአሜሪካ ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው የሶፍትዌር ሠራተኞች ቁጥር ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ 20 ከመቶ ያህል ቀንሷል። ልምድ ያላቸው ግን እንዲህ አልተጎዱም።

ይህን ነገር ከቡናችን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። እንከን ያለበትን ፍሬ ለቅሞ ማውጣት የእናቶችና የእኅቶች ሥራ ነበር፤ ዛሬ በትልልቆቹ የቡና ማዘጋጃዎች ፍሬውን በቀለሙ የሚለይ መኪና ገብቷል። ቡናውን ቀምሶ ደረጃ የሚሰጠው ግን አሁንም ሰው ነው። ሆኖም ቀማሽ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ለጀማሪው ሲኒ የሚሰጠው ከሌለ ነገ ቀማሽ ከየት ይመጣል?

ፕሮግራመርም እንደዚሁ ነው። መኪናው ሲሳሳትም በሙሉ ልብ ይጽፋልና የሚያርመው ዐዋቂ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በጅማ መርካቶ ላለ ቡና ነጋዴ የሒሳብ ፕሮግራም ቢሠራ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን፣ ዓመታችንም 13 ወር መሆኑን፣ ደንበኛው በኦሮምኛም በአማርኛም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ሊመረምረው ይገባል። ጳጉሜን የተረሳበት መዝገብ የዓመቱን ሒሳብ ያፋልሳል።

ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ፣ የጀማሪው ሥራ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የሚጠፋው መኪናው የሰጠውን ሳይመረምር የሚገለብጥ ሰው ሥራ ነው። ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ሒሳብን አጥብቀን እንማር፤ ኮዱን በገዛ እጃችን መጻፍን አንተው። መምህራንና ወላጆችም፣ አሠሪዎችም ጭምር፣ ለጀማሪው የመለማመጃ ቦታ አትንፈጉት፤ የነገው ዐዋቂ የሚገኘው ከዛሬው ጀማሪ ነውና።