አሜሪካ የደረሰ ወገን ዕዳ፦ የአውሮፕላኑ ብድርና ክሬዲት ካርዱ

በሪሴትልመንት አሜሪካ የገባ ሰው መሬት ሲረግጥ ባለዕዳ ሆኖ ነው። ከመሳፈሩ በፊት አይ ኦ ኤም ያስፈረመው ወረቀት የቲኬት ብድር ውል ነው። ስጦታ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። ደግነቱ ወለድ የለውም። ክፍያውም የሚጀምረው ከደረሱ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሲሆን በየወሩ እየተከፋፈለ ይከፈላል።

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሩ ለአብዛኛው ስደተኛ ተዘግቶ ሳለ ይህን ለምን ታነሳለህ የሚል አይጠፋም። ቀድመው የሄዱት እህት ወንድሞቻችን ዕዳ ካምፕ ድረስ ስለሚመጣ ነው። እንዴት እንደሚመጣ ወደ ታች እናየዋለን።

ካኩማ ውስጥ ባለሱቁ ያውቀናል፤ ዱቤያችንን ደብተሩ ላይ ይጽፍና ገንዘብ ስናገኝ እንከፍላለን። አሜሪካ ውስጥ ደብተሩን የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። (ባለሱቁ ቢያንስ ጤናችንን ይጠይቃል።) ከደብተሩ የሚወጣው ነጥብ፣ ማለትም ክሬዲት ስኮር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 850 ነው። ቤት አከራዩም፣ መኪና ሻጩም ያየዋል። አዲስ የገባ ሰው ደብተሩ ባዶ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። የቲኬቱን ብድር በየወሩ በሰዓቱ መክፈል የመጀመሪያው ጥሩ መስመር ሊሆን ይችላል። መክፈል ያቃተው ሰው ዝም ከማለት ይልቅ ለሚሰበስበው ድርጅት ደውሎ እንዲቀነስለት ወይም እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል።

ዋናው ወጥመድ ካርዱ ነው። ቢሉ ሲመጣ ሁለት ቁጥር አለው፤ ጠቅላላ ዕዳውና ትንሹ ክፍያ። ትንሹን ከፍሎ «ከፈልኩ» ማለት ቀላል ነው። እስቲ እናስላው፦ 1,500 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ቢታሰብ የወሩ ወለድ ብቻ 30 ዶላር ነው። 45 ዶላር የከፈለ ሰው ከዋናው የቀነሰው 15 ዶላር ብቻ ነው ማለት ነው። ካርዱን መጠቀም አቁሞ በየወሩ 100 ዶላር ቢከፍል ግን በ18 ወር ገደማ ይጨርሳል፤ ወለዱም 300 ዶላር አካባቢ ይሆናል። በ2009 የወጣው ሕግ ትንሹን ብቻ እየከፈሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቢሉ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ያንን ሳጥን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም።

ታዲያ ትርፍ ብር የተገኘ እንደሆነ ወዴት ይሂድ? በእኔ ሐሳብ ወደ ካርዱ። የቲኬቱ ብድር ወለድ ስለሌለው የወሩን ብቻ በሰዓቱ ከፍሎ መቀጠል ይበቃል። ብዙ ካርድ ያለው ሰው ለሁሉም ትንሹን ይክፈል፣ የተረፈውን ወለዱ ከፍ ያለው ላይ ይጣል። አንድ ክፍያ 30 ቀን ካለፈው ደብተሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የተጻፈው ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል።

አሁን ወደ እኛ። እዚህ ሆነን «200 ዶላር ላኪልኝ» ስንል እህታችን እጇ ላይ ጥሬ ገንዘብ ከሌላት በካርዱ ልትልክ ትችላለች። ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የተላከን ገንዘብ ከማሽን እንደወጣ ጥሬ ብር ይቆጥሩታል። ኮሚሽን አለው፣ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ግዢ ይበልጣል፣ መቁጠር የሚጀምረውም ከዚያው ቀን ነው። ዕቃ የገዛችበትን ግን እስከ ቀነ ገደቡ ሙሉውን ከከፈለች አብዛኛውን ጊዜ ወለድ የለበትም። ስለዚህ ከጠየቅን አይቀር «ከካርድ ከሆነ ይቅር፣ ደሞዝሽ ሲገባ ትንሽ ትልኪያለሽ» ማለት ይቻላል። በዴቢት ካርድ ወይም ከባንክ ሂሳብ ስትልክ ይሄ ጣጣ የለም።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ፦ «ክሬዲትህን እናጸዳለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። እውነተኛ ዕዳ ከደብተር የሚያስፍቅ ሰው የለም። የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ ባለቤቱ ራሱ ሪፖርቱን በነፃ አውጥቶ ለኩባንያዎቹ ያመለክታል፤ ምንም አይከፍልም።