ቮልቴጅን እየቆራረጡ ማውረድ

12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት ለማውረድ የቀደመው መንገድ ትርፉን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ለውጦ መጣል ነው። 7805ን የመሰለ ሊኒየር ሬጉሌተር የሚሠራው እንዲህ ነው። የተገጠመለት ዕቃ 1 አምፔር ቢስብ 5 ዋት ለሥራ ሲውል 7 ዋት በከንቱ ይቃጠላል፤ ከገባው ኃይል የሚጠቅመው 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያበርድ አሉሚኒየም ካልተደገፈለትም ቺፑ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ስዊቺንግ ሬጉሌተር ከዚህ ብክነት የዳነው፣ በእኔ እምነት፣ በአንድ ሐሳብ ነው፦ ትራንዚስተሩ በመብራትና በመጥፋት መሀል እንዳይቆም በማድረግ።

ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ሲበራ በላዩ የሚቀረው ቮልቴጅ ኢምንት ነው፤ ሲጠፋ ደግሞ ኮረንቲ አያልፍበትም። ብክነት የሁለቱ ብዜት ነውና በሁለቱም ሁኔታ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ይበልጥ የሚግለው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርባት ቅጽበት ነው። ሲበራ በኢንዳክተሩ ጥቅል ሽቦ የሚያልፈው ኮረንቲ እያደገ ጉልበት በመግነጢስ መልክ ይጠራቀማል። ሲጠፋ ኮረንቲው በድንገት ሊቆም ስለማይችል በዳዮዱ በኩል እየዞረ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ውጣ ውረዱን ካፓሲተሩ ያለሰልሰዋል። ትራንዚስተሩ ከእያንዳንዱ ዙር 42 በመቶ ያህሉን ከበራ 5 ቮልት ይወጣል። በሊኒየሩ ከብክነት የተረፈው ድርሻ የነበረው ቁጥር እዚህ የመብሪያ ጊዜ ሆነ፤ ቀሪው 58 በመቶ ግን ዕረፍት እንጂ ኪሳራ አይደለም። መቆጣጠሪያው የሚወጣውን ቮልቴጅ እየለካ፣ ዝቅ ሲል የመብሪያውን ጊዜ ያረዝማል። ብዙ የስልክ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉትና መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የማይደናገጡት ለዚህ ነው። ይህ መቆራረጥ በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም በአንድ ዙር የሚጠራቀመው ጉልበት ጥቂት ነው፤ በ50 ኸርዝ የሚሠራውን ከባድ የብረት ትራንስፎርመር በአውራ ጣት የሚያህል ትራንስፎርመር መተካት የተቻለውም በዚህ ነው። በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር ያለ ማራገቢያ የሠራውም መሐንዲሱ ሮድ ሆልት በነደፈለት ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነበር።

የሬዲዮና የድምፅ መሣሪያ ባለሙያዎች መቆራረጡ ረብሻ ያመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። መልሱ ግን ወደ ሊኒየር ጠቅልሎ መመለስ አይደለም። ስዊቺንጉ 12ቱን ወደ 3.6 ካወረደው በኋላ ሊኒየሩ 3.3 ቢያወጣ ከገባለት 92 በመቶ ያህሉን ያተርፋል፤ ረብሻውንም ይቀንሳል። ስዊቺንጉ ቶሎ ይበላሻል የሚለውን ወቀሳ ግን ከአሠራሩ ይልቅ ለዕቃው ጥራት እሰጠዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳው በሙቀት ደርቆ አናቱ የሚያብጠው ርካሽ ካፓሲተር ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የረብሻ ማጣሪያውን ብቻ ሳይሆን 220 ቮልቱን ከስልኩ ገመድ የሚለየውን መከላከያ ጭምር ያጎደለ ቻርጀር ነው፤ እሱ ሰው ይገድላል።