ለቤት ጋራዥ ወለል ሜታሊክ ኢፖክሲ ከመመረጡ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ሜታሊክ ኢፖክሲ ለወለል የእብነ በረድ ወይም የቀለጠ ብረት መልክ የሚሰጥ፣ መገጣጠሚያ የሌለው ቅብ ነው። ከሊሾ፣ ከሴራሚክና ከቴራዞ ጎን ለጎን ለቤት ጋራዥ ከሚቀርቡ አማራጮች አንዱ ሲሆን፣ ዋጋው ባለ አንድ ቀለም ከሆነው ኢፖክሲ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚካሄደው የቀለም ናሙና በማየት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የቅቡን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ነው። እርጥበት ባለበት ወይም ዘይት በጠጣ ወለል ላይ የፈሰሰ ቅብ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በወራት ውስጥ ሊላጥ ይችላል። በመሆኑም የቤት ባለቤቶች ውል ከመፈጸማቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች በቅደም ተከተል እንዲያዩ ይመከራል።

የቅቡ ምንነት

ኢፖክሲ ሬዚንና ማጠንከሪያ የተባሉ ሁለት ክፍሎች ሲቀላቀሉ በሚፈጠር ኬሚካላዊ ለውጥ የሚጠነክር ቁስ ነው። ሜታሊክ የሚለው ስያሜ ብረትን ቢያመለክትም፣ አንጸባራቂነቱ በአብዛኛው የሚገኘው በታይታኒየም ወይም በብረት ኦክሳይድ ከተሸፈነ ደቃቅ የማይካ ዱቄት ነው። ፈሳሹ ከመጠንከሩ በፊት ባለሙያው በሮለር ወይም በአየር ግፊት ሲያንቀሳቅሰው ዱቄቱ ሞገድ መሰል ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ወለሎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ናሙናውም የቀለሙን ዓይነት እንጂ የሚወጣውን ቅርጽ በትክክል አያሳይም። በዚሁ ምክንያት ወደፊት አንድ ቦታ ቢጎዳ ያንን ብቻ ጠግኖ ከቀሪው ጋር ማመሳሰል አስቸጋሪ ነው።

የተሟላ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አራት ንብርብሮች አሉት፤ እነሱም ፕራይመር፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሚሆነው የመነሻ ቀለም፣ ሜታሊኩ ራሱ እና የላይኛው መከላከያ ሽፋን ናቸው።

የወለሉን ብቁነት መፈተሽ

1. ዕድሜ፦ አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ቅብ ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ 28 ቀናት ሊቆይ ይገባል።

2. እርጥበት፦ ከሥሩ የእርጥበት መከላከያ ፕላስቲክ ያልተነጠፈበት ወለል ከመሬት ውኃ ይስባል። ይህን ለማወቅ በየጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጎ፣ ከ16 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ማቆየት ነው። ፕላስቲኩ ሲነሣ ከሥሩ ጠብታ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ወለሉ እርጥበት አለው። በበጋ ደርቆ የታየ ወለል በክረምት ሊያረጥብ ስለሚችል፣ ፍተሻው በክረምት ወይም ክረምቱ እንደወጣ ቢደረግ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

3. ዘይት፦ በወለሉ ላይ የተንጠባጠበ ውኃ ወደ ውስጥ ካልሰረገና እንደ ዶቃ ከተንከባለለ፣ ኮንክሪቱ ዘይት ጠጥቷል ወይም ቀድሞ በሌላ ነገር ተቀብቷል ማለት ነው።

4. ስንጥቅ፦ በአዲስ አበባ እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው አካባቢዎች፣ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ደግሞ ሲኮማተር ወለልን ይሰነጥቃል። እንቅስቃሴው ያልቆመ ስንጥቅ ቢደፈንም እንኳ በአዲሱ ቅብ ላይ ተመልሶ ይታያል።

ፍተሻውን ያለፈ ወለልም በዳይመንድ ዲስክ ተፍቆ አቧራው በቫኪዩም ሊነሣ ይገባል። በመጥረጊያና በውኃ ብቻ የጸዳ ወለል ቅቡን አጥብቆ አይይዝም።

የሥራ ወቅት

አብዛኞቹ የኢፖክሲ ዓይነቶች ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በአግባቡ አይጠነክሩም። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዚህ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ወቅቱ ደረቅ በመሆኑ ብቻ ተስማሚ ነው ሊባል አይችልም። የወለሉ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ደግሞ የተቀላቀለው ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚጠነክር የቀኑ ሙቀት የሚበረታበትን ሰዓት ማስወገድ ይገባል።

ክፍሉን በከሰል ምድጃ ማሞቅ በጥብቅ ሊወገድ ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወት ያጠፋል፤ እሳቱም ተቀጣጣይ ማሟሟያ በሚገኝበት ሥፍራ ቃጠሎ ሊያስነሳ ይችላል።

የላይኛው ሽፋን ምርጫ

ኢፖክሲ ለፀሐይ ሲጋለጥ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ጣሪያ ብቻ ኖሮት ጎኑ ክፍት በሆነ ጋራዥ፣ በተለይም የፀሐይ ጨረር በሚበረታበት ደጋ፣ የላይኛው ሽፋን የፀሐይ ጨረርን የሚቋቋም ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊአስፓርቲክ ሊሆን ይገባል። ይህ ሽፋን ከጉዞ የተመለሰ መኪና የጋለ ጎማ ቅቡን አለስልሶ እንዳይልጠውም ይረዳል። የሚያብረቀርቅ ወለል ውኃ ሲነካው ስለሚያንሸራትት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት በሽፋኑ ውስጥ ደቃቅ የማያንሸራትት ቅንጣት እንዲጨመር መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጠንና ዋጋ

ማሟሟያ ያልተጨመረበት 1 ሊትር ኢፖክሲ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። ስለዚህ 3 ሜትር በ6 ሜትር ለሆነ፣ ማለትም 18 ካሬ ሜትር ለሚሸፍን ጋራዥ፣ 0.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው የሜታሊክ ንብርብር ብቻ 13.5 ሊትር ያስፈልጋል። ለዚህ ንብርብር 5 ወይም 6 ሊትር ብቻ ያቀረበ ተቋራጭ ዋጋውን የቀነሰው ውፍረቱን በመቀነስ መሆኑን ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

የጤና ጥንቃቄ

ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣል፤ ደጋግሞ የነካው ሰው ላይም ዘላቂ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ሠራተኞች የናይትራይል ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ኮንክሪት ሲፈቅም ሳንባን የሚጎዳውን የሲሊካ አቧራ የሚከላከል ጭምብል መልበስ አለባቸው። ቅቡ እስኪጠነክር ድረስ ሥፍራው አየር ሊያገኝ፣ ሕፃናትም ሊርቁ ይገባል። በመደበኛ ሙቀት ከ24 ሰዓት በኋላ በእግር መርገጥ የሚቻል ሲሆን፣ መኪና ለማስገባት ግን 7 ቀናት መጠበቅ ይመረጣል።

በውል ሊሰፍሩ የሚገባቸው

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የወለል ዝግጅቱን ዘዴ፣ የንብርብሮቹን ብዛትና ውፍረት፣ የምርቱን ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ፣ የዋስትናውን ዘመን እንዲሁም ቅቡ ቢላጥ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ሊገልጽ ይገባል። ክፍያው በደረጃ ተከፋፍሎ፣ ፕራይመሩ ከመፍሰሱ በፊት የተፋቀው ወለል በባለቤቱ ቢታይ ክርክርን ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ክፍያም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ወለሉ ደረቅ፣ ንጹሕና ጽኑ ከሆነ ሜታሊክ ኢፖክሲ ለዓመታት የሚያገለግል ምርጫ ነው። ፍተሻውን ያላለፈ ወለል ግን አስቀድሞ ሊታከም፣ ካልሆነም በሴራሚክ ወይም በሊሾ ሊሸፈን ይገባል። ፍተሻው የሚጠይቀው ቁራጭ ፕላስቲክና የአንድ ቀን ትዕግሥት ሲሆን፣ የተላጠን ቅብ አስፍቆ እንደገና ማሠራት ግን ከመጀመሪያው ወጪ ሊበልጥ ይችላል።