ፋብሪካው ሳይተከል ድምፁን መለካት

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከተማ ሲሰፋ ፋብሪካና መኖሪያ ይጎራበታሉ። ታዲያ ገና ያልተተከለ መሣሪያ የሚያሰማው ጫጫታ እንዴት ይታወቃል?

በ10 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል የሚለካ ጄኔሬተር አለ እንበል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በ20 ሜትር 79፣ በ40 ሜትር 73 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሌሊት፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ወደ መከረው 45 ዴሲቤል የሚወርደው 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ተመሳሳይ ጄኔሬተር ከጎኑ ቢጨመር ደግሞ 85ቱ ወደ 88 ከፍ ይላል።

ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ከግንባታ እንዲቀድም፣ የነዋሪዎችም አስተያየት እንዲካተት ደነገገ። አስቀድሞ ከተጠና መሣሪያውን ማራቅ ወይም በግንብ መከለል ይቻላል። የሰፈሩ የቀድሞ የሌሊት ጸጥታም ሊለካ የሚችለው ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር ብቻ ነው።